አባትየው መብራቱን ለምን መለሱት?

ከሮስኮመን፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጠቅሳቸው ወሮችና ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አየርላንድ ውስጥ፣ ሮስኮመን ገጠር፣ አንዲት አዛውንት ቤት እየሄድኩ እንከባከባለሁ። እማማ ነው የምላቸው። በ1940 ነው የተወለዱት። ቤታቸው ማሞቂያ አለው፤ እሳቸው ግን ምድጃውን አይለቁም። ማታ ማታ በመቆንጠጫ ሦስት አራት ፍም ይመርጡና ጎን ለጎን ያስተኟቸዋል። ከዚያ አመዱን በአካፋ ቀስ አድርገው ያለብሳሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ነው። ጠዋት አመዱን ሲገልጡት ፍሙ ቀይ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። እኔ ልዳፍንልዎት ስላቸው አንድም ቀን እሺ ብለውኝ አያውቁም።

እዚያው ምድጃ ዳር ነው የሚያጫውቱኝ። ዳቦው የሚጋገረው በከባድ የብረት ድስት ነበር፤ ክዳኑ ላይ ፍም ይደረድሩበታል፣ ከላይም ከታችም እሳት። የዱቄት ጆንያ ጽሑፉ እስኪለቅ እየታጠበ አንሶላ ይሆናል። ለትምህርት ቤቱ ምድጃ እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ተርፍ ይዞ ይሄዳል፤ ተርፍ ማለት ከረግረግ ተቆርጦ የሚደርቅ የአፈር ማገዶ ነው። አገራቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ ነበረች፤ ጊዜውን ጦርነት ሳይሆን «አስቸኳይ ጊዜው» ነው የሚሉት። ቢሆንም ሻይ ጠፍቶ ነበር። በጣም ያነሰ ጊዜ ለአንድ ሰው በሳምንት ግማሽ አውንስ፣ 14 ግራም ገደማ ብቻ ይደርስ ነበር። እናታቸው የተፈላውን ቅጠል አድርቀው ደግመው ያፈሉት ነበር።

ከሁሉም የሚነግሩኝ ግን የ1947ን በረዶ ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ ሲነሱ የፊት በሩ አልከፈት አለ። አባታቸው በመስኮት ወጥተው እስከ ከብቶቹ ድረስ መንገድ ቆፈሩ። በጎቹን የሚፈልጉት ረጅም እንጨት በረዶው ውስጥ እየሰደዱ ነበር። የሞተውም የተረፈውም ከአንድ ጉድጓድ ይወጣ ነበር አሉኝ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። በ1953 አንድ ሰው ብስክሌት እየነዳ ቤት ለቤት ዞረና መብራት የሚፈልገውን አስፈረመ። አባታቸውም ፈረሙ። በሚቀጥለው ዓመት ሠራተኞቹ ምሰሶ ይዘው ሲመጡ ግን «አይ፣ ትቼዋለሁ» ብለው ከደጃፍ መለሷቸው። ሽቦው በቤታቸው በር ላይ አልፎ ጎረቤት ገባ። እማማ ያኔ 14 ዓመታቸው ነው። የጎረቤቱን መስኮት እያዩ በላምባ ፋኖስ ያጠኑ ነበር። በ17 ዓመታቸው ለነርስነት እንግሊዝ ሄዱ። አባታቸው እስኪሞቱ ድረስ መብራት አልገባም።

ያን ሁሉ ችግር ሲያወሩ ድምፃቸው አይለወጥም። እዚህ ጋ ሲደርሱ ግን ይለወጣል። «አባቴ ጨለማን መረጠብን» ይላሉ። እኔም ምን እንደምላቸው ጠፋኝ። ሰውየው ስስታም ነበሩ? ወይስ የማናውቀው ነገር አለ? ይህን ታሪክ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የጎልዌይ ሹፌር፦

እህቴ፣ እኔ እዚህ አገር አውቶቡስ እነዳለሁ። ጠዋት የሚሳፈሩት በአብዛኛው አዛውንቶች ናቸው፣ ጨዋታ ይወዳሉ። ይህን ነገር ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ስስታም አትበያቸው።

ችግሩ መብራቱ ሳይሆን ቋሚ ክፍያው ነበር። ያኔ ቤቱ በስፋቱ ይለካል፣ በረቱና ጎተራውም የተወሰነ ይታሰብበታል። ከዚያ በየሁለት ወሩ ሒሳብ ይመጣል። አንድ አምፖል አብራ፣ አምስት አብራ፣ ጭራሽ አታብራ፣ ቋሚው አይቀርም። ላምባ ሲኖርህ ትገዛለህ፤ ሳይኖርህ በጊዜ ትተኛለህ። ሒሳቡ ግን አያውቅልህም።

ሮስኮመን ደግሞ የከብት አገር ነው። በዚያ ዘመን ትንሽ መሬት ያለው ገበሬ ዳጎስ ያለ ብር የሚያየው ጥጃ ሲሸጥ ነበር። ሌሊት ተነስቶ ከብቱን በእግሩ እየነዳ ከተማ ይገባል። ገበያው መንገዱ ላይ ነው፣ ሱቆቹ መስኮታቸውን በሳንቃ ይከልላሉ። ገዢና ሻጭ ሲኮራረፉ ደላላ መጥቶ የሁለቱንም እጅ ይዞ ያጋጫል። መዳፍ ለመዳፍ ካልተመታ ሽያጭ የለም። ሻጩም «ለዕድል» ብሎ ትንሽ ሳንቲም ይመልሳል። ያ ገንዘብ ከእጅ ሳይወጣ ባለሱቁ ይጠብቀዋል፤ ወራት ሙሉ በዱቤ ተበልቷልና። እንግዲህ በየሁለት ወሩ የማይቀር ዕዳ ላይ መፈረም እንዲህ ላለ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አስቢው።

አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ከእንግሊዝ ገንዘብ የሚልክላቸው ማን ነበር? በዚያ ዘመን የስንቱ ቤት የቆመው በዚያ ነው።

ታሪክ ወዳድ፦

ሹፌሩ በደንብ ገልጾታል፤ ትንሽ ልጨምር። የገጠር መብራት ሥራ የተጀመረው በ1946 ነው። የመጀመሪያው ምሰሶ የቆመው ኅዳር 5 ቀን 1946 ኪልሳላሃን፣ ደብሊን አውራጃ ነው። በጥር 1947 እዚያው አካባቢ ኦልድታውን በራ። ምሰሶዎቹ ከፊንላንድ በመርከብ የመጡ ነበሩ፣ ጉድጓዱ በሰው ጉልበት ይቆፈር ነበር። ኬሪ ውስጥ ብላክ ቫሊ የሚባለው ሸለቆ በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው መብራት ያገኘው።

ብዙ ሰው የፈረመበት ሰፈር ይቀድም ነበር። ስለዚህ ቄሱም ጎረቤቱም «ፈርም እንጂ፣ እኛንም አታስቀረን» ይላል። መፈረም ቀላል ነው፣ እምቢ ማለት ነው ከባዱ። የቁርጡ ቀን ሠራተኞቹ በር ላይ ሲቆሙ ብዙ ሰው አፈገፈገ። የእማማ አባት ብቻቸውን አልነበሩም። ጣሪያቸው ሣር ከነበረ ደግሞ ሽቦው እሳት ያስነሳል ብሎ መፍራትም ነበረ። ጣሪያው ምን እንደነበር ጠይቂያቸው።

ጊዜውንም አትርሺው። የ1946 አዝመራ በዝናብ ሊበሰብስ ሲል የከተማ ሰው በፈቃዱ ገጠር ወጥቶ አጨደ። በጥር 1947 ዳቦ በራሽን ሆነ፣ በሚቀጥለው ወር በረዶው መጣ። ከ1951 እስከ 1961 ባለው ጊዜ የሄደው ሰው ከተመለሰው በ400,000 ገደማ ይበልጣል። የተረፈው ሕዝብ 2.8 ሚሊዮን ነበር። ልጆቹ አንድ በአንድ በመርከብ ሲሄዱበት ያየ አባት «ይህን መብራት ለማን ነው የማስገባው?» ቢል አይፈረድበትም።

ነርሷ፦

ሁላችሁም ለአባትየው አዘናችሁ። እኔ ግን እናትየውን ነው የማስበው። እነማን ፈለጉት መብራቱን? ሴቶቹ ናቸው። የገጠር ሴቶች ማኅበሩ ለመብራትና ለቧንቧ ውኃ ብዙ ለፍቷል። መብራት ሲኖር ፓምፕ ይኖራል፣ ፓምፕ ሲኖር ውኃ ቤት ይገባል። እስከዚያ ድረስ ግን በግራና በቀኝ ባልዲ ይዞ ከምንጭ መመላለስ ነው። በልብስ ማጠቢያ ቀን ስንት ባልዲ እንደሚያልቅ ወንዶቹ ቆጥረውት አያውቁም።

የእናትየው ገንዘብ የእንቁላል ገንዘብ ነው። ዶሮዎቹን ታረባለች፣ እንቁላሉን ትሸጣለች፣ በዚያው ሻይ፣ ስኳርና ላምባ ትገዛለች። መንግሥት በ1944 የልጆች አበል ጀመረ፤ ከሦስተኛው ልጅ ጀምሮ በሳምንት ግማሽ ክራውን፣ ማለትም ሁለት ሺሊንግ ከስድስት ፔንስ። እሱም በሕጉ የሚከፈለው ለአባት ነበር። ስለዚህ እህቴ፣ አባትየውን መረዳቱ ጥሩ ነው። እማማ ግን ተቀይመው ቢቀሩም አይፈረድባቸውም። «ይርሱት» እንዳትያቸው።

ከሮስኮመን፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፋችሁትን ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ፤ እየተረጎምኩ ስለሆነ ረጅም ጊዜ ወሰደ።

ጣሪያው ሣር ነበር፣ እሳቸው ግን የእሳት ወሬ አያስታውሱም። ስለ መዳፍ ማጋጨቱና ስለ ዕድል ሳንቲሙ ሳነብ ሳቁ። አባታቸው ከገበያ ሲመለሱ ቦርሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ከረሜላ ይኖር ነበር። የነርሷን ሳነብ ደግሞ «ይህቺ ልጅ ታውቃለች» አሉ። እናታቸው ሰው ከጠራቸው እንኳ ባልዲውን ሳያስቀምጡ ነበር የሚያወሩት። አንዴ ካስቀመጡት ማንሳቱ ይከብዳቸዋል።

የሹፌሩን ጥያቄ ስጠይቃቸው ዝም አሉ። ትልቁ ወንድማቸው ነበር የሚልከው፣ በርሚንግሃም የግንባታ ሥራ ላይ ነበር። ከዚያ ከመኝታ ቤት የብስኩት ቆርቆሮ እንዳመጣ አዘዙኝ። ውስጡ የእናታቸው የሒሳብ ደብተር አለ። በእርሳስ የተጻፈ ነው። በአንድ ወገን እንቁላል በደርዘን፤ በሌላው ሻይ፣ ስኳር፣ ላምባ። ከታች በየሁለት ሳምንቱ የወንድማቸው ስም የመጀመሪያ ፊደልና «2 ፓውንድ» የሚል አለ።

1954ን ገልጬ መነጽራቸውን ሰጠኋቸው። መጋቢት መጀመሪያ 2 ፓውንድ። ከዚያ ፊደሉ ብቻውን ተጽፏል፣ ጎኑ ባዶ። ከሱ በታችም ባዶ። በጣታቸው እየወረዱ ቆጠሩ፤ ሰባት ባዶ መስመር። ሠራተኞቹ የመጡት ግንቦት ላይ ነው። ሰኔ ግድም «1 ፓውንድ» ይልና እንደገና ይጀምራል።

«ምን ሆኖ ነበር?» አልኳቸው። «አልነገሩንም። ልጆች ነበርን» አሉ። ወንድማቸው ከሞቱ ቆይቷል። እናታቸው የገንዘቡን ቦታ ባዶ ትተው ፊደሉን በየጊዜው መጻፋቸውን ደጋግመው አዩት። ደብተሩን ዘግተው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

ከዚያ መቆንጠጫውን አነሱና ለእኔ ዘረጉልኝ። «ትልልቆቹን ከስር» አሉኝ። እኔም እንዳሉኝ አስተኛኋቸውና አመዱን አለበስኩ። ጸሎቱን እሳቸው አሉት።