የሲምፕሊሲቲ ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ለድሮው የአትክልት ትራክተር ዕቃ በምን ቁጥር ይፈለጋል? (ጥያቄና መልስ)

ብረት ወዳድ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዊስኮንሲን ውስጥ ሚሺጋን ሐይቅ ዳር፣ ፖርት ዋሽንግተን ከተማ የነበረው የሲምፕሊሲቲ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ተዘግቷል። ከዚያ ወዲህ ለድሮዎቹ ትራክተሮች ዕቃ ማግኘት ከባድ ሆኗል። የእኔው በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ባለ 10 ፈረስ ጉልበት ነው፤ ሞተሩ ላይ 243431 የሚል ቁጥር አለ። ሦስት ችግር አለበት፦
ቺንጋውን ርዝመቱን ብቻ ለክቼ ቀየርኩት፤ አሁን ፔዳል ተረግጦም ትራክተሩ ወደፊት ይሳባል። ካርቡራተሩ ወገቡ ላይ ቤንዚን ያንጠባጥባል። ሞተሩም ሲሞቅ ይጠፋል። ከየቱ ልጀምር?

ቁጥር ፈላጊ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ቁጥሮች ለያቸው። የትራክተሩ ቁጥር አንድ ነው፣ የሞተሩ ሌላ። ሞተሩ የብሪግስ ኤንድ ስትራተን ስለሆነ ፋብሪካው ቢዘጋም የራሱ መለያ አለው፦ ሞዴል፣ ታይፕ እና ኮድ፤ ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ብረት) በሸፈነው ቆርቆሮ ላይ ተመትተው ታገኛቸዋለህ። የሞዴሉ የመጀመሪያ ሁለት አሃዞች የሲሊንደሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ናቸው፤ ያንተው 24 ነው፣ ወደ 390 ሲሲ ማለት። ኮዱ ደግሞ የተሠራበት ቀን ነው፦ 690512 ብሎ ከጀመረ 1969፣ ግንቦት ማለትም 5ኛው የፈረንጅ ወር፣ 12ኛው ቀን። ታይፑን ሳትጽፍ ዕቃ አትዘዝ፤ ሞዴሉ አንድ ሆኖ የክራንኩ ጫፍ ወይም ካርቡራተሩ የሚለያይበት ጊዜ አለ።

ሌላው፣ በ«ሲምፕሊሲቲ» ብቻ አትፈልግ። አሊስ ቻልመርስ ኩባንያውን በ1965 ገዝቶት ነበር። በአሊስ ቻልመርስ ስም የተሸጡ ብዙ የአትክልት ትራክተሮች ከዚያው ከፖርት ዋሽንግተን የወጡ ናቸው፤ ልዩነታቸው ቀለሙ፣ ጽሑፉና ኮፈኑ ላይ ነው፣ ከሥር ያለው ብረት አንድ ነው። ለመፍታት የሚሸጥ አሮጌ ትራክተር ስትፈልግ ይህ ምርጫህን በእጥፍ ያሰፋልሃል።

ኩሽኔታና የዘይት ማኅተም ግን የፋብሪካ ቁጥር አያስፈልጋቸውም። ኩሽኔታውን አጽዳና ቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን አንብብ፤ 6205 ካለ 25 በ52 በ15 ሚሊ ሜትር ነው፣ ማንም የኩሽኔታ ነጋዴ ይሰጥሃል። አደራ፣ ይህ ማሽን የኢንች ነው። 3/4 ኢንች አክሰል 19.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ20 ሚሊ ሜትር ኩሽኔታ ገብቶ ይወዛወዛል፣ አክሰሉን ይበላዋል።

ፊለቶ፦
ቡሎንም እንደዚያው ነው። 5/16 ኢንች፣ በኢንች 18 ጥርስ ያለው ቡሎን በዓይን ሲያዩት ኤም8 ይመስላል። ውፍረታቸው 7.94 እና 8 ሚሊ ሜትር ነው፣ የጥርሳቸው ርቀት ግን 1.41 እና 1.25። ሁለት ሦስት ዙር በእጅ ይገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል። እዚያ ጋ በቁልፍ የገፋ ሰው የአሉሚኒየሙን ፊለቶ (የቀዳዳውን ጥርስ) ጠርጎ ያወጣዋል። በጣት መግባት ያቆመ ቡሎን የዚያ ቀዳዳ አይደለም።

ቺንጋ፦
የሚሳበው በቺንጋው ዓይነት ነው ብዬ እገምታለሁ። በዚህ ትራክተር ቺንጋው ራሱ ፍሪሲዮን ነው፦ ፔዳል ሲረገጥ ይላላል፣ ሲለቀቅ ይወጠራል። ጎኑ ባዶ ጎማ የሆነ ተራ ቺንጋ ላልቶም ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚዞርበትን ባለ ቦይ ክብ ብረት) ይነክሳል። የሚያስፈልግህ ዙሪያውን በጨርቅ የተሸፈነ፣ ውስጡ የአራሚድ (ጠንካራ ሰው ሠራሽ) ክር ያለው ነው። ሻጩን «ለፍሪሲዮን የሚሆን» በለው።

ርዝመቱንም በትክክል ለካኸው? ኤ48 የተባለው ቺንጋ 48 ኢንች የሚለካው በውስጥ ነው። 4ኤል500 ደግሞ በውጭ 50 ኢንች ነው። ሁለቱ በርዝመት ተቀራራቢ ናቸው! ቁጥሩን ብቻ አይቶ 4ኤል480 የገዛ ሰው ሁለት ኢንች ያጠረ ቺንጋ ነው ይዞ የሚሄደው፤ ያጠረ ቺንጋ ደግሞ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ቢረገጥም አይላላም። አሮጌውን ከላይ በኩል በክር ዙረህ ለካ፤ ስለተለጠጠ ትንሽ ቀንስለት። ስፋቱ 1/2 ኢንች ከሆነ ኤ ወይም 4ኤል፣ 5/8 ከሆነ ቢ ወይም 5ኤል ነው።

ሁሉም ልክ ሆኖ አሁንም ከተሳበ በፑሌጃው ዙሪያ ያሉትን የቺንጋ ጠባቂ ብረቶች እይ። ሥራቸው ቺንጋው ሲላላ ከፑሌጃው ቦይ ወጣ እንዲል መግፋት ነው። ተጣመው ከራቁ ቺንጋው ቦዩ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ቺንጋው ተወጥሮ ሳለ ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር እንዲርቁ አድርገህ እሰራቸው። ይህን ስትሠራ የካንዴላውን ሽቦ ነቅለህ ይሁን።

ካንዴላ፦
ካርቡራተሩ ፍሎ-ጄት የተባለው ሁለት አካል ያለው የብሪግስ ዓይነት ነው። በስህተት የሚሰበረው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፦ ኖዝሉ (ቤንዚን የሚያወጣው ቀጭን ቱቦ) ከታችኛው አካል ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይኛው ይገባል። አራቱን ቪቲ ፈትቶ የላይኛውን ቀጥ አድርጎ ያነሳ ሰው ኖዝሉን ያጣምመዋል ወይም ይሰብረዋል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ከታች ያለውን የዋናውን ነዳጅ መርፌና መያዣ ዳዶውን አውጣ፤ በዚያው ቀዳዳ ለኖዝሉ ልክ የሆነ ጠባብ ካቻቢቴ አስገብተህ ኖዝሉን ፍታ፤ ከዚያ ብቻ አካሎቹን ለያይ። ካቻቢቴው ቢሰፋ የቀዳዳውን ፊለቶ ይቧጭራል፣ ጫፉን ሞርደህ አቅጥነው።

ወገቡ ላይ የሚያንጠባጥበው አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው አካል ስለጎበጠ ነው። አካሎቹን ከነጋስኬታቸው አጥብቀህ 0.002 ኢንች (0.05 ሚሊ ሜትር) ፊለር፣ ማለትም የክፍተት መለኪያ ስስ ቆርቆሮ፣ በመገጣጠሚያው ሞክር። ከገባ ጎብጧል፣ ጋስኬት መደራረብ መፍትሔ አይሆንም። መልሰህ ስትገጥም ዋናውን መርፌ በቀስታ እስኪነካ ዘግተህ 1 ተኩል ዙር ክፈት፤ ከዚያ ሞተሩ ሞቆ አስተካክል። ጨክነህ ከዘጋኸው የመርፌው ጫፍ ላይ ቀለበት ይወጣበታል፣ ከዚያ ወዲያ ልክ አይመጣም።

ዘይት ጠብታ፦
ስስ ሲሊኮን ቢቀባበትስ?

ካንዴላ፦
በፍጹም። ቤንዚን ሲሊኮኑን ያብጠዋል፣ ቁራጩ ተቀርፎ ኖዝሉን ይዘጋል።

ሲሞቅ የሚጠፋውን በተመለከተ፦ በጠፋበት ቅጽበት ብልጭታውን ፈትሽ። ሲቀዘቅዝ መፈተሽ ምንም አይነግርህም። ብልጭታ ከሌለ ፑንቲናውን (የእሳቱን ማቋረጫ ነጥቦች) ክፈት፤ ክፍተቱ 0.020 ኢንች (0.5 ሚሊ ሜትር) ይሁን። ፊቱ ላይ ዘይት ካየህ ፑንቲና መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ፑንቲናውን የሚገፋው ዘንግ ወይም ቡሹ ተበልቶ ዘይት እያሳለፈ ነው። ፑንቲናው ደረቅ ከሆነ ኮንደንሰሩን፣ ቀጥሎ ኮይሉን ቀይር። የካንዴላው ክፍተት 0.030 ኢንች ነው።

ብልጭታ ካለ የነዳጅ ታንኩን ክዳን ክፈት። ወዲያው ከተነሳ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ካልተነሳ ቫልቮላዎቹን ለካ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፦ ማስገቢያው ከ0.007 እስከ 0.009፣ ማስወጫው ከ0.017 እስከ 0.019 ኢንች። እዚህ ሞተር ላይ ማስተካከያ ቪቲ የለም፤ ከጠበበ የቫልቮላው እግር ጫፍ ይሞረዳል፣ በጥቂት በጥቂቱ እየለኩ። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ከከፈትክ ቡሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቅህ 190 ኢንች-ፓውንድ (21 ኒውተን ሜትር ገደማ) እሰር።

ብረት ወዳድ (ጠያቂ)፦
ቺንጋው 4ኤል480 ነው! አሮጌው በውጭ 50 ተኩል ገደማ ይለካል። ኖዝሉንም ሳልሰብር አወጣሁት፣ ፊለሩ ግን በአንድ ጎን ገባ። የላይኛውን አካል እፈልጋለሁ። እግረ መንገዴን ሌላ የምፈትሸው አለ?

ዘይት ጠብታ፦
ከፔዳሉ ሥር ያለውን የማዕዘን ጊር ሳጥን። ማኅተሙ ሲያፈስ ዘይቱ ቀስ እያለ ያልቃል፣ ማንም ልብ አይለውም፤ ውስጡ ያሉት ሾጣጣ ማርሾች ደግሞ በጣም የሚፈለጉ፣ በቀላሉ የማይገኙ ዕቃዎች ናቸው። ማኅተሙን በልኩ (ውስጥ፣ ውጭ፣ ውፍረት) ግዛ፣ 90 ቁጥር የጊር ዘይት እስከ ደረጃው ሙላ።

ቁጥር ፈላጊ፦
አንድ ልጨምር። ትራክተርህ ላይ ሞተሪኖና ዲናሞ በአንድ አካል ያለው የዴልኮ-ሬሚ ዕቃ ካለና ሬጉላተሩን (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረውን) ከቀየርክ፣ ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት ሬጉላተሩ ላይ «ባት» (BAT፣ የባትሪ) እና «ጄን» (GEN፣ የዲናሞ) የተባሉትን ጫፎች በአጭር ሽቦ ለቅጽበት አነካካ፤ ትንሽ ብልጭ ይላል፣ በቃ። ይህ ካልተደረገ ዲናሞው በተገላቢጦሽ ሊሞላና የአዲሱን ሬጉላተር ነጥቦች ሊያቃጥል ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ግን እንዳትሞክረው።