የባኽ የፋሲካ ካንታታ ለምንድን ነው እንዲህ የሚያሳዝነው?

ቡና_በፍራንክፈርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሙዚቃ የምታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቅ። አብራኝ የምትሠራ ጀርመናዊት በሰፈሯ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ናት። ለፋሲካ ጠዋት የድሮውን ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ የባኽን ካንታታ (በድምፅና በሙዚቃ መሣሪያ የሚቀርብ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ነው)፣ "ክሪስት ላግ ኢን ቶደስ ባንደን" የሚባለውን እያጠኑ ነው፣ ነይና ስሚን አለችኝ። ምንም ሳላውቅ ከምሄድ ብዬ ዩቲዩብ ላይ ከፈትኩት። ወይ ጉድ! ቫዮሊኖቹ ገና ሲጀምሩ ለቅሶ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። ፋሲካ አይደል እንዴ? እልልታው የታለ? ሃሌ ሉያ ሲሉ እንኳ ፊታቸው አይፈታም። እኔ ነኝ ያልገባኝ ወይስ እውነትም ሐዘን ነው?

ኦርጋን_ወዳጅ፦
ጆሮሽ ልክ ነው። መግቢያውም ሰባቱም አንቀጾች በኢ ማይነር (ብዙ ጊዜ ሐዘን በሚመስል የድምፅ ቅኝት) ናቸው፣ ደማቅ በሆነ ቅኝት የሚጀምር አንድም ክፍል የለም። ምክንያቱ መዝሙሩ ነው። ግጥሙን ማርቲን ሉተር በ1524 ነው ያወጣው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ዜማውም ከሱ በፊት ከነበሩ የፋሲካ ዝማሬዎች የተወሰደ ነው። ባኽ ሰባቱንም አንቀጽ አንድ ቃል ሳይነካ ወሰደ፣ ያንኑ ዜማ ደግሞ በየአንቀጹ በሌላ መልክ እያመጣ እስከ መጨረሻው ይዞት ሄደ። ስለዚህ የመዝሙሩ ጠባይ የካንታታው ጠባይ ሆነ።

ሲጽፈው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። በ1707 ፋሲካ ሙልሃውዘን ከተማ ለኦርጋን ተጫዋችነት ሥራ ተፈትኖ ነበር፣ ብዙ የሙዚቃ ታሪክ ሰዎች ይሄ ለዚያ ፈተና የተጻፈ ነው ይላሉ። በኋላ ላይፕዚግ ሲገባ በ1724 እና በ1725 ፋሲካ ደግሞ አሰምቶታል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ግጥሙ ከትንሣኤው አይደለም የሚጀምረው፣ ክርስቶስ በሞት ሰንሰለት ታስሮ ከተኛበት ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሶፕራኖና አልቶ (ቀጭኑ ድምፅና ከሱ ዝቅ የሚለው) "ሞትን የሚያሸንፍ ሰው አልነበረም" ይላሉ፣ "ሞት" የሚለው ጋ ሲደርሱ ሁለት ኖታ ወደ ታች፣ እንደገና ሁለት ኖታ ወደ ታች፣ መንቀሳቀስ ያቃታቸው ይመስላል። ያቺ ሁለት ኖታ ናት መግቢያው ላይ ቫዮሊኖቹ ሲጀምሩ ያስደነገጠችሽ።

ሦስተኛውን ግን በደንብ ጠብቂው። ቴነሩ (ከፍ ያለው የወንድ ድምፅ) ብቻውን ነው፣ ቫዮሊኖቹ ከላዩ ይሮጣሉ። ሞት ሥልጣኑን ተቀማ፣ ከባዶ መልኩ በቀር ምንም አልቀረለትም የሚለው ጋ ሲደርስ "ምንም" ላይ ሙዚቃው ቀጥ ይላል። ጸጥ። ከዚያ ቀስ ብሎ ይቀጥላል። እኔ ስንቴ ሰምቼው እዚያ ጋ አሁንም ትንፋሼን እይዛለሁ።

ድጓ_ሰፈር፦
የላይኛው ጥሩ ብሏል፣ ትንሽ ልጨምር። ላይፕዚግ ውስጥ በዐቢይ ጾም እሁዶች ካንታታ አይሰማም ነበር፣ የብስራት በዓል ከጾሙ ጋር ሲገጥም ካልሆነ በስተቀር። በኛ ከበሮና ጸናጽል በሁዳዴ እንደሚያርፉት ማለት ነው። ስለዚህ ሰዉ ለሳምንታት ጆሮውን አስርቦ ነው ፋሲካ ጠዋት የሚመጣው። ኮንሰርት አድርገሽም አትይው። በባኽ ጊዜ ጸሎቱ በኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይጀመርና ለሦስትና አራት ሰዓት ይቀጥል ነበር፣ ካንታታው ከወንጌል ንባብ በኋላ ስብከቱ ሳይጀመር ይገባ ነበር። ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን መቆም አይችልም የሚል ሰው ይሄን ይስማ 😄

ሌላው፣ አራተኛው አንቀጽ ጦርነት ነው። ሕይወትና ሞት ይታገላሉ፣ አንዱ ሞት ሌላውን ሞት በላው የሚል ስንኝ አለ። እዚያ ላይ ድምፆቹ ተራ በተራ እየተሻሙ ይገቡና አንድ በአንድ ይጠፋሉ። መብላቱ ይሰማሻል። የኛስ "አሰሮ ለሰይጣን፣ አግዐዞ ለአዳም" ጦርነት አይደለም እንዴ? ፋሲካ ከምርኮ መመለስ ከሆነ መጀመሪያ ምርኮው መነገር አለበት፣ እኔ ሐዘን የሚለውን አልቀበልም።

ጥሩምባ፦
እኔ ደግሞ በቃ ይከብዳል ባይ ነኝ። አዋቂ ሁሉ ስለሚያደንቀው ልንወደው አንገደድም። ደስታ ከፈለግሽ የዚያው የባኽን ሌላ የፋሲካ ካንታታ ክፈቺ፣ በባኽ ሥራዎች ዝርዝር ቁጥር 31፣ "ሰማይ ይስቃል፣ ምድር ሐሤት ታደርጋለች" የሚለውን። በ1715 ቫይማር እያለ የጻፈው። ሦስት መለከት፣ ቲምፓኒ (ትልልቅ ከበሮ)፣ ገና ከመጀመሪያው ቤት ይናወጣል። ፋሲካ ማለት ያ ነው።

ኦርጋን_ወዳጅ፦
@ጥሩምባ 31ን እኔም እወደዋለሁ፣ ግን መለከት ስለሌለ ደስታ የለም አትበል። የዚህኛው (በዝርዝሩ ቁጥር 4 ነው) ስድስተኛ አንቀጽ ላይ ሶፕራኖና ቴነር "ታላቁን በዓል እናከብራለን" ሲሉ እየተወዛወዙ ነው፣ ዳንስ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ሃሌ ሉያም መጨረሻ ላይ ድንገት ይፈጥናል፣ የሚዘምር ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ፊታቸው የማይፈታው ምት እየቆጠሩ ስለሆነ ነው፣ ባልደረባሽን ጠይቂያት።

ቡና_በፍራንክፈርት፦
ሃሃ ጠየቅኳት፣ እውነትም ያ ቦታ ነው የሚያስጨንቃቸው። አልቶ ናት፣ አራተኛው አንቀጽ ላይ ዋናው ዜማ የአልቶ ነው ብላ ኮርታለች። ሦስተኛውን በጆሮ ማዳመጫ ደግሜ ሰማሁት፣ ያ ጸጥታ እውነትም ልብ ያቆማል። ሐዘን ነው ያልኩትን ለጊዜው ይዤ ልቆይ። አንድ የመጨረሻ፦ ሲያልቅ ይጨበጨባል?

ድጓ_ሰፈር፦
በጸሎት መሀል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይጨበጨብም፣ ቀጥታ ወደ ስብከት ነው የሚገቡት። ሰዉን እያየሽ አድርጊ። ግጥሙ ብዙ ቦታ የሚታደለው ወረቀት ላይ ይታተማል፣ ስትገቢ ውሰጂ፣ አምስተኛው ላይ ቤዙ (ወፍራሙ የወንድ ድምፅ) "ሞት" ሲል ወደ ጉድጓድ የሚወርድባትን ኖታ እንዳታልፍሽ።