«የማንነት ጥያቄ» ወይስ «የእኔነት ጥያቄ»?

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦
ሰላም የቋንቋ ወዳጆች። ሰው አእምሮውን ወደ ማሽን አዛውሮ ስለሚኖርባቸው የሳይንስ ልብ ወለዶች እየጻፍኩ ነው። ርእሱን «የማንነት ጥያቄ» ብዬ ለጓደኛዬ ባሳየው «ደግሞ የየትኛው ወረዳ ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? «ትዝታ» እና «ትውስታ»ስ አንድ ናቸው እንዴ?

መልስ፣ ከደሴ፦
ጓደኛህ እውነቱን ነው። «ማንነት»ን ፖለቲካው ወስዶታል፤ «እኔነት» በል። ጥያቄው አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1694 የአንድ ልዑል ነፍስ የልዑልነቱን ትውስታ ይዛ የአንድ ጫማ ሰፊ ገላ ውስጥ ብትገባስ ብሎ ጠይቋል። በሎክ ሐሳብ፣ ጎረቤት የሚያየው ጫማ ሰፊውን ቢሆንም እኔነቱ የልዑሉ ነው።

ትዝታና ትውስታ ለእኔ ይለያያሉ። ግሱን እየው። «አስታወስኩ» ስትል አድራጊው አንተ ነህ፣ «ትዝ አለኝ» ስትል ግን ነገሩ ሳትጠራው ነው የመጣብህ። (ለወሎ ሰው ደግሞ ትዝታ ከባቲና ከአምባሰል ጋር የሚቆጠር ቅኝት ነው፣ እንዲህ በቀላሉ አንለቀውም።) ስለዚህ ማሽን ላይ የሚገለበጠውን «ትውስታ» በለው። ቅጂው አግኝቷት የማያውቃትን እናት ሲናፍቅ ያኔ «ትዝታ» ጻፍ።

ሌላም ልጨምር። በሪቻርድ ሞርጋን ልብ ወለድ «ኦልተርድ ካርቦን» (እ.ኤ.አ. 2002) የሰው አእምሮ ማጅራቱ ላይ በተቀበረ ትንሽ መሣሪያ ይቀመጥና ገላው ሲሞት ወደ ሌላ ገላ ይዛወራል፤ ያንን ገላ በእንግሊዝኛው የልብስ እጅጌ በሚጠራበት ቃል ነው የሚጠሩት። «እጅጌ» ብትል ማን ይገባዋል? «ሥጋ ለባሽ» የሚል ቃል እያለን! «አዲስ ሥጋ ለበሰ» በለው።

ሌላ መልስ፣ ከደሴ፦
አቦ፣ «ሥጋ ለበሰ» እኮ ቅዳሴ ቅዳሴ ይላል! እኔ መድረሳ ያደግኩት ስሰማው ቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚወስደኝ። «ገላ ቀየረ» ይበቃል።

እኔን ይልቅ የሚከነክነኝ «ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ» የምንለው ነው። ትውስታችን የሚጀምረው ከዚያ ነው አይደል? ትናንት ማታ የተከፈተ ቅጂ የሠላሳ ዓመት ትውስታ ይዞ «ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ቡና እወዳለሁ» ቢል፣ ቡና ግን በአፉ ዞሮ አያውቅም፣ ውሸታም ትለዋለህ? እኔ አልልም። ነፍስ ያወቀው ግን መቼ ነው፣ ትናንት ወይስ የዛሬ ሠላሳ ዓመት? ጽሑፍህ ውስጥ እሱን አንሳው።