«ሌብል ጌጥ ነው» ላሉን ሰውዬ

የኮዬ ፈጬ ልጅ፦ ትናንት ስልጠናው ላይ አሰልጣኙ «ሌብል ጌጥ ነው፣ ፕሌስሆልደር ይበቃል» ሲል ሁሉም ዝም አለ። ሌብል ማለት ከመሙያው ሳጥን በላይ ወይም ጎን «ስም» ምናምን ብሎ የሚጻፈው ነው፣ ፕሌስሆልደር ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ በፈዛዛ የሚታየው ፍንጭ። እኔን ግን አልዋጥልኝ ብሏል። ለኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ የነዋሪ መመዝገቢያ ፎርም በጃንጎ፣ በፓይተኑ የዌብ መሥሪያ፣ ሠርተን ሌብሉ ፈዛዛ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ሰው ደጅ ፀሐይ ላይ ቆሞ በስልኩ ሲሞላ ምንም አይታየውም። ይሄ ነው ጌጥ?

የሰበታው፦ እኔም ነበርኩ። ጌጥ ያለው ቀለሙን ነው። ሰውየውን ያላለውን አታስብሉት።

የኮዬ ፈጬ ልጅ፦ ብሏል፣ ቃል በቃል። ፕሌስሆልደር እኮ መጻፍ ስትጀምር ይጠፋል። መሃል ላይ ስልክ የተደወለለት ሰው ሲመለስ «ይሄኛው የአባት ስም ነው የአያት?» ብሎ ይቀራል።

ለገጣፎ፦ ቆይ፣ የሌብሉን ክላስ፣ መልኩን የሚወስነውን የሲኤስኤስ ስም፣ የት ነው የጻፍከው?

የኮዬ ፈጬ ልጅ፦ ፎርሙ የሚጻፍበት የፓይተን ፋይል፣ ፎርምስ ዶት ፓይ ውስጥ፣ ዊጄቱ አትርስ ላይ።

ለገጣፎ፦ በቃ! እሱ የሚሄደው ለኢንፑቱ፣ ለመሙያው ሳጥን ነው፣ ሌብሉን አይነካውም። ቴምፕሌቱ፣ ማለት የገጹ ኤችቲኤምኤል ላይ ሌብሉን ራስህ ጻፈውና ክላሱን እዚያው ስጠው። የሌብሉ «ፎር» ላይ የፊልዱን፣ ማለት የሳጥኑን አይዲ እንዳትረሳ። ካለበለዚያ ሰው ጽሑፉን ሲነካ ከርሰሩ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም።

ሱሉልታ፦ 30 ፊልድ ካለኝ 30 ጊዜ ልጽፍ ነው? ሌብሉን የሚያወጣው የጃንጎ ትእዛዝ፣ ሌብል ታግ፣ አትርስ ይቀበላል እኮ፣ ክላሱን እዚያ መስጠት ይቻላል።

ለገጣፎ፦ ይቀበላል እህቴ፣ ግን ከጃንጎ ቴምፕሌት ውስጥ አርጉመንት ማቀበል አይቻልም። ከጃንጎ 5.0 ጀምሮ ሌብሉንና ሳጥኑን አንድ ላይ የሚያወጣ የፊልድ ቴምፕሌት አለ። አንዴ ጻፊው፣ ለሁሉም ይሠራል።

የሰበታው፦ ምን አደከማችሁ? ቴልዊንድ ተጠቀሙ፣ የሲኤስኤስ ክላሶቹ ተዘጋጅተው ነው የሚመጡት።

ሱሉልታ፦ ቴልዊንድ 3 ላይ የፓይተን ፋይሉን ኮንቴንት በሚባለው የፋይሎች ዝርዝር ውስጥ ካላስገባህ እዚያ የጻፍከው ክላስ ሲኤስኤሱ ላይ አይወጣም። ግማሽ ቀኔን በልቶኛል።

የኮዬ ፈጬ ልጅ፦ ወደ ጌጡ እንመለስ። የዌብ ተደራሽነት መመሪያው፣ ደብልዩካግ፣ ለጌጥ የቀለም ንፅፅር አይጠይቅም። ለተራ ጽሑፍ ግን በደብል ኤ ደረጃ ቢያንስ 4.5 ለ1 ይላል። ሌብል የቱ ጋ ነው?

የሰበታው፦ ጽሑፍ ነው፣ እሺ። ግን እኔን ኮድ ያስተማረኝ ያ ሰው ነው። በአንድ ቃል ስሙን ስታነሱ ዝም አልልም።

ሱሉልታ፦ ስሙን ማን አነሳ? ቃሉን ነው ያነሳነው። ይልቅ የፊደሉን መጠንም እዩት። የአማርኛ ሌብል 12 ፒክስል ላይ «ጠ» እና «ጨ» አይለዩም። ፎንቱ ቦልድ ከሌለው ደግሞ ብራውዘሩ በግድ ያደልበውና ይጨማለቃል።

የሰበታው፦ 16 አድርጉትና ፎርሙ ስልክ ላይ ሁለት እጥፍ ይርዘም!

የኮዬ ፈጬ ልጅ፦ ይርዘም። እናቴ ወደ ታች መግፋት አያቅታትም።

የሰበታው፦ ለእናትህ ብቻ አይደለም የምንሠራው ወንድሜ።

ለገጣፎ፦ ለማን ነው ታዲያ? ፎርሙን የሚሞሉት እነሱ አይደሉ?