አስቸኳይ፦ በአሮጌዎቹ የነርቭ ሴሎች ውስጥ ያለው ማይቶኮንድሪያ መንቀሳቀስ አቆመብኝ

ንጋት (ጠያቂ)፦ ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ነገ ጠዋት ለቡድናችን ውጤት ማቅረብ አለብኝ፤ ዛሬ እየቀረጽሁት ባለው ምስል ውስጥ ግን የማይቶኮንድሪያው (ለሴሉ ኃይል የሚያመነጩት ጥቃቅን ክፍሎች) እንቅስቃሴ ፈጽሞ ቆሞብኛል። ከአይጥ ጽንስ አንጎል ተወስደው በሳህን ውስጥ አንድ ሳምንት ያደጉ የነርቭ ሴሎችን አራት ሳምንት ከሞላቸው ጋር እያወዳደርሁ ነው። በወጣቶቹ አክሰን (ምልክት የሚያስተላልፈው ረጅሙ የነርቭ ሴል ክር) ውስጥ ማይቶኮንድሪያው ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ይታያል። በአሮጌዎቹ ግን መጀመሪያ ጥቂቶች ይንቀሳቀሱና ብዙም ሳይቆይ አንዱም ንቅንቅ አይልም፤ ቀለማቸውም እየደበዘዘ ይሄዳል። ይህ የእርጅና ውጤት ነው ብዬ ማቅረብ እችላለሁን፣ ወይስ የተበላሸ ነገር አለ? ሳህኑ አሁንም ማይክሮስኮፑ ላይ ነውና እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ።

ሐመልማል፦ የትኛውን ቀለም እንደተጠቀሙና ሳህኑ በምን ያህል ሙቀት ላይ እንዳለ አልነገሩንም። ማይቶኮንድሪያን በአክሰን ውስጥ የሚያጓጉዙት ካይኔሲንና ዳይኒን የተባሉት ፕሮቲኖች ሙቀት ሲወርድ ፍጥነታቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ፈሳሹ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። መልኩንም ይመልከቱ፤ ባይካርቦኔት ያለበት ፈሳሽ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካላገኘ አሲድነቱን እያጣ ይሄዳል፣ የአሲድነት ጠቋሚው ቀለም ፌኖል ሬድ ካለበትም ወደ ሐምራዊ ሲያደላ በዓይን ይታያል።

መምህረ ሕዋስ፦ ጉዳዩ ከቴርሞሜትር በላይ ስለሆነ ከመሠረቱ መነሣት ይገባል። የሰው አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ በዕረፍት ጊዜ ከምንጠቀመው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ አብዛኛው የነርቭ ሴልም ዕድሜ ልኩን ሳይከፈል ስለሚኖር የተጎዳውን ማይቶኮንድሪያ ለልጅ ሴሎች አካፍሎ መገላገል አይችልም። ማይቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ ቢኖረውም የሚያስገኘው 13 ፕሮቲኖችን ብቻ ነው፤ የቀሩት ከሺህ የሚበልጡ ፕሮቲኖች መመሪያቸው የሚገኘው በኒውክሊየስ ውስጥ ነው፤ ከታችኛው ጀርባ እስከ እግር የሚዘልቀው የሰው አክሰን ደግሞ አንድ ሜትር ገደማ ስለሚረዝም ከሴሉ አካል ርቆ ያለውን ማይቶኮንድሪያ ማደስ ከባድ ሥራ ነው። ሳይንቲስቱ ዴንሃም ሃርማን እ.ኤ.አ. በ1956 እርጅና ነጻ ራዲካሎች (በቀላሉ ከሌሎች ጋር የሚዋሐዱና ሴልን የሚጎዱ ሞለኪውሎች) ከሚያደርሱት ጉዳት ይመጣል የሚል ሐሳብ አቀረበ፣ በ1972ም ማይቶኮንድሪያን የሐሳቡ ማዕከል አደረገው። ይሁን እንጂ በ2004 የማይቶኮንድሪያቸው ዲኤንኤ ሲቀዳ ስሕተት እንዲበዛበት የተደረጉ አይጦች ያለ ዕድሜያቸው እንደሚያረጁ ቢታወቅም፣ በኋላ ሲመረመሩ የነጻ ራዲካሎቹ መጠን ያን ያህል ጨምሮ አልተገኘም። በ2006 ደግሞ በአረጋውያን አንጎል ውስጥ ሰብስታንሺያ ናይግራ በተባለው ክፍል ያሉ የነርቭ ሴሎች ቁራጭ የጎደለውን የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ በብዛት እንደሚያጠራቅሙ ታየ። ስለዚህ ማይቶኮንድሪያ በእርጅና ውስጥ ድርሻ እንዳለው አልጠራጠርም፤ መንገዱ ግን አንድ አይደለም።

ጎሕ፦ ሐመልማል እንዳሉት ሙቀቱን ይፈትሹ። ማይቶኮንድሪያዎቹ በርዷቸው ቁጭ ብለው ሳለ አርጅተዋል ብለን እንዳናማቸው! ክፍሉ 37 ዲግሪ ቢያሳይም በዘይት አማካይነት ከሳህኑ ጋር የሚገናኘው ሌንስ ቀዝቃዛ ከሆነ በትክክል ከሚያዩት ቦታ ሙቀት ይስባልና ሌንሱም ማሞቂያ ሊኖረው ይገባል።

አንድምታ፦ እኔ የምቃወመው ጥያቄው የቆመበትን መሠረት ነው። ከጽንስ ተወስዶ አራት ሳምንት የሞላው ሴል በሰለ እንጂ አላረጀም። ሲናፕሶች (የነርቭ ሴሎች የሚገናኙባቸው ስፍራዎች) ቦታቸውን እየያዙ ሲሄዱ ሲንታፊሊን የተባለው ፕሮቲን ማይቶኮንድሪያውን ማይክሮቱቡል ከተባለው የመጓጓዣ ሐዲድ ጋር ያስረዋል፤ ሲናፕሱ ሲሠራ የሚገባው ካልሲየምም ሚሮ ከተባለው ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ጉዞው ይገታል። ማይቶኮንድሪያው የሚያርፈው ኤቲፒ (የሴሉ የኃይል ምንዛሪ) እና የካልሲየም ቁጥጥር በሚፈለግበት ስፍራ ነው። በጤነኛ የበሰለ አክሰን ውስጥ እንኳ አብዛኛው ማይቶኮንድሪያ የቆመ ነው።

ንጋት፦ ሙቀቱ 37 ነው፣ ሌንሱም ይሞቃል፣ ፈሳሹም ቀይ ነው። ቀለሙ ቲኤምአርኤም ነው። አሮጌዎቹ ደብዘዝ ብለው ስለታዩኝ ለእነሱ የሌዘሩን ኃይል ከፍ አድርጌ በየሰከንዱ ምስል አነሣለሁ። አራት ሳምንት የቆየን ሴል የእርጅና አምሳያ አድርገው የሚጠቀሙ ተመራማሪዎች ስላሉ የአንድምታን ተቃውሞ አልቀበለውም።

ጎሕ፦ ቴርሞሜትሩ የተቀመጠው ሳህኑ ውስጥ ነው ወይስ ከጎኑ? ደግመው ቢለኩት መልካም ነው።

ሐመልማል፦ የሌዘሩን ነገር ከነገሩን ወዲህ የምጠረጥረው ብርሃኑን ነው። ቲኤምአርኤም በማይቶኮንድሪያው ውስጠኛ ሽፋን ግራና ቀኝ ባለው የኤሌክትሪክ ልዩነት ተስቦ የሚከማች ቀለም ነው፤ ብርሃን ሲበዛበት ግን እሱ ራሱ ነጻ ራዲካሎችን ያመነጫል፣ ልዩነቱም ይጠፋል፣ ቀለሙም አምልጦ ይወጣል። እየደበዘዙ መቆማቸው ከዚህ ጋር በትክክል ይገጥማል። አሁኑኑ በዚያው ሳህን ላይ ሌዘር ወዳልነካው ጥግ ይሂዱና በዝቅተኛ ኃይል በየአምስት ሰከንዱ አንድ ምስል ያንሡ፤ እዚያ የሚንቀሳቀሱ ካሉ ሌሎቹን ያቆማቸው ሌዘሩ ነው። ወጣቶቹንና አሮጌዎቹን በተለያየ ኃይል ቀርጾ ማወዳደር አይቻልምና ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ኃይል ይቅረጹ። መጨረሻ ላይ ይህን የኤሌክትሪክ ልዩነት የሚያጠፋውን ኤፍሲሲፒ ይጨምሩ፤ ቀለሙ ከማይቶኮንድሪያው ካልወጣ ሲለኩት የቆዩት የኤሌክትሪክ ልዩነቱን አይደለም። እንቅስቃሴን ብቻ ለመቁጠር ከሆነ ወደፊት ወደ ማይቶኮንድሪያው እንዲገባ የተደረገ አብሪ ፕሮቲን ይሻላል፤ ከገባ በኋላ ልዩነቱ ቢወርድም ባለበት ይቆያል።

አንድምታ፦ በሐመልማል ምክር እስማማለሁ። ያልተነካው ጥግ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ነገ የሚያቀርቡት በጊዜ ብዛት የሚንቀሳቀሰው ማይቶኮንድሪያ ድርሻ ምን ያህል እንደቀነሰ ብቻ ይሁን፤ ይህም ቢሆን ሊቀርብ የሚገባው ውጤት ነው። ስለ እርጅና ለመናገር ግን ያረጀ እንስሳ አንጎል ያስፈልጋል፣ ወይም የአረጋውያንን የቆዳ ሴል በቀጥታ ወደ ነርቭ ሴል መለወጥ ይቻላል። ይህ መንገድ በርካታ የዕድሜ ምልክቶችን ይጠብቃል፤ መጀመሪያ ወደ ግንድ ሴል (ወደ ሌሎች የሴል ዓይነቶች ሊለወጥ ወደሚችል ሴል) ከመለሱት ግን ምልክቶቹ ስለሚሰረዙ ለዚህ ጥያቄ አይጠቅምዎትም።