ፀሐይ ያለ ኦክስጅን እንዴት ነው የምትነደው?

እናት ከሳሪስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። እሳት ለመንደድ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ተብለው ተምረዋል፤ የሚነድ ነገር፣ ሙቀትና ኦክስጅን። ማታ ደብተሯን እያየች «ህዋ ላይ አየር ከሌለ ፀሐይ ታዲያ በምን ትነዳለች?» አለችኝ። አባቷ «ፀሐይ ራሷ ጋዝ ናት» ብሎ ሊያልፋት ሞከረ፣ እሷ ግን አልተዋጠላትም። ጋዝማ እኛም ቤት አለ፤ ሲሊንደሩ ውስጥ እያለ አይነድም፣ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ነው። ደግሞስ የቱንም ያህል ትልቅ ብትሆን ይሄን ሁሉ ዘመን እንዴት አታልቅም? ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ወይ ሁለት መስመር ነው ወይ ቀመር በቀመር። ልጅ በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳኝ ሰው ካለ እባካችሁ።

መምህር ዘባሕር ዳር፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ ልጅሽን አመስግኚልኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሱ ልጆች እንኳ ይህን ሳይጠይቁ ያልፋሉ። ያለችው ልክ ነው፤ ያለ ኦክስጅን እሳት የለም። ስለዚህ ፀሐይ እሳት አይደለችም፣ እዚያ ውስጥ የሚነድ ነገር የለም።

እንጨት ሲነድ ካርቦኑ ከኦክስጅን ጋር ይጣመርና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ካርቦኑ ግን ያው ካርቦን ነው፤ የተለወጠው የተያያዘው ነገር ብቻ ነው። ፀሐይ ውስጥ የሚሆነው ከዚህ የጠለቀ ነው፤ አቶሙ ራሱ ሌላ ይሆናል። የሃይድሮጅን አስኳሎች ይጋጫሉ፣ ደረጃ በደረጃ ይዋሃዳሉ፣ በመጨረሻ ከአራቱ አንድ ሂሊየም ይወጣል። ፊውዥን ወይም የኑክሌር ውህደት የሚሉት ይህ ነው። ኦክስጅን እዚህ ምንም ሥራ የለውም።

ሙቀቱ ከየት መጣ ካለችሽ፣ አራቱን ሃይድሮጅኖችና የወጣውን ሂሊየም ብንመዝን ሂሊየሙ በ0.7 በመቶ ገደማ ይቀላል። የጎደለችው ያቺ ክብደት ናት ኃይል ሆና የምትወጣው። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ያወጣው ቀመር የሚናገረው ይህንኑ ነው። ፀሐይ በየሰከንዱ ወደ 600 ሚሊዮን ቶን ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም ትለውጣለች፤ ከዚያ ውስጥ 4 ሚሊዮን ቶን የሚሆነው ብርሃንና ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። በየሰከንዱ!

ይህ የሚሆነው እምብርቷ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ሙቀቱ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ እኛ የምናየው ላይኛው ክፍል ግን 5,500 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለምን አታልቅም ላለችው ደግሞ፣ ክብደቷ ከመሬት 333,000 እጥፍ ነው። 4.6 ቢሊዮን ዓመት ሠርታለች፣ ሌላ 5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የሚበቃት ሃይድሮጅን አላት። ፀሐይ የምትነድ ከሰል ብትሆን ኖሮ ጥቂት ሺህ ዓመታት ላይ አልቆላት ነበር።

ናቲ፦
መምህር፣ አሪፍ ገለጻ ነው። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሃይድሮጅን ቦምብም በፊውዥን ነው የሚሠራው አይደል? ታዲያ ያ ሁሉ ሃይድሮጅን አንድ ቦታ ተከማችቶ ለምን ባንዴ አይፈነዳም?

መምህር ዘባሕር ዳር፦
ናቲ፣ ዋናውን ነገር ነው የነካኸው። ስለ ፀሐይ ሳስተምር ከሁሉ አብልጬ ልጆች እንዲይዙልኝ የምፈልገው ይህን ነው፦ ፀሐይ በጣም ዝግ ያለች ናት። ኃይሏ የበዛው ከትልቅነቷ እንጂ ከፍጥነቷ አይደለም።

ሁለት የሃይድሮጅን አስኳሎች፣ ማለትም ሁለት ፕሮቶኖች፣ ሲጋጩ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ተገፋፍተው ይመለሳሉ። እንዲዋሃዱ ከተፈለገ ከሁለቱ አንዱ በዚያችው ቅጽበት ወደ ኒውትሮን መለወጥ አለበት፤ ይህ ደግሞ እጅግ እጅግ አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው። አንድ ፕሮቶን እምብርቷ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ግጭት እያስተናገደ ተራው እስኪደርስ በአማካይ ቢሊዮኖች ዓመታት ይጠብቃል። ቦምብ ውስጥ የሚገባው ሃይድሮጅን ሌላ ዓይነት ነው፤ ዲዩተሪየምና ትሪቲየም። እነሱ ኒውትሮናቸውን ይዘው ስለሚመጡ መጠበቅ የለባቸውም፣ ባንዴ ያልቃሉ።

ከዚህ የሚወጣውን ውጤት ስሰማው ለማመን ነበር የቸገረኝ። ከእምብርቷ አንድ ሜትር ኩብ ብትወስድ የሚያመነጨው ሙቀት 300 ዋት አይሞላም። የፍግ ክምር ውስጡ ሲብላላ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር ይቀራረባል። የሰው ገላማ፣ እኩል መጠን ይዘህ ካነጻጸርክ፣ ከፀሐይ እምብርት የበለጠ ሙቀት ያመነጫል። ፀሐይን ፀሐይ ያደረጋት የዚያ ሜትር ኩብ ብዛት ነው።

ደግሞ ራሷን ትቆጣጠራለች። ስበት ወደ ውስጥ ይጨምቃታል፣ የጋለው ጋዝ ግፊት ወደ ውጭ ይገፋታል። ውህደቱ ትንሽ ቢፈጥን እምብርቱ ይሞቅና ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ይቀዘቅዛል፣ ውህደቱም ወዲያው ይረግባል። ቢዘገይ ደግሞ ስበቱ ያይልና ይጨምቀዋል፣ ይሞቃል፣ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቢሊዮን ዓመታት ያለ ፍንዳታ የቆየችው በዚህ ነው። መሬት ላይ ሕይወት እስኪበቅልና እስኪደረጅ ጊዜ ያገኘውም ፀሐይ ስላልቸኮለች ነው።

ኃይሉ ራሱ ሲወጣ አይቸኩልም። ከእምብርቱ ተነስቶ፣ ከአቶም አቶም እየተላተመ፣ ላይ ለመድረስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጅበታል። ላይ ከደረሰ በኋላ ግን እኛ ጋ በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ከች ይላል።

አልማዝ ነኝ፦
ስለ ሃይድሮጅን ከተነሳ የሴሲሊያ ፔይንን ስም ሳልጠራ አላልፍም። ለልጅሽ ብትነግሪያት ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየችው የ25 ዓመት ወጣት ሴት ናት። በዚያን ጊዜ ታላላቆቹ ሳይንቲስቶች ሁሉ ፀሐይ የተሠራችው መሬት ከተሠራችበት ነገር ነው ብለው ነበር የሚያምኑት፣ ብረትም ሌላውም በተመሳሳይ መጠን። ፔይን ከእንግሊዝ አሜሪካ፣ ሃርቫርድ ሄዳ የከዋክብትን ብርሃን በቀለም በቀለም ከፋፍላ አጠናችና እ.ኤ.አ. በ1925 በዶክትሬት ጽሑፏ ላይ ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም መሆናቸውን አወጣች። ጽሑፏን የገመገመው ሄንሪ ኖሪስ ራስል፣ በዘመኑ ትልቅ ስም የነበረው ሰው፣ ይህ ሊሆን አይችልም አላት። እሷም የራሷን ውጤት «እውነት እንዳልሆነ እርግጠኛ መሆን ይቻላል ማለት ይቀላል» በሚል ስሜት ራሷ አጣጥላ ጻፈችው። ከአራት ዓመት በኋላ ራስል ራሱ በሌላ መንገድ እዚያው ላይ ደረሰ፣ የእሷንም ሥራ ጠቀሰ። ለረጅም ጊዜ ግን ግኝቱ በእሱ ስም ነበር የሚነገረው። ይህ ነገር ዛሬም ያናድደኛል። የትምህርት ቤት መጽሐፎቻችን ላይ ስሟ መኖር ነበረበት።

ተጠራጣሪ ቶማስ፦
ሁላችሁም እንደ ታሪክ ታወራላችሁ እንጂ እምብርቷ ድረስ የገባ ሰው አለ? ከላይ ሆኖ ውስጡ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ነው፣ ፊውዥን አለ ማለት ግምት አይደለም ወይ? በቅንነት ነው የምጠይቀው።

ኪሩቤል፦
ቶማስ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። ውህደቱ ሲካሄድ ከብርሃን ሌላ ኒውትሪኖ የሚባሉ በጣም ጥቃቅን ነገሮችም ይወጣሉ። እነዚህ ከምንም ነገር ጋር አይነካኩም ማለት ይቻላል፤ ከእምብርቱ ወጥተው ላይ ለመድረስ 2 ሰከንድ ገደማ ይበቃቸዋል። ጥፍርህን በምታክል ቦታ ላይ በየሰከንዱ ወደ 60 ቢሊዮን የሚጠጉ ያልፋሉ፤ ሌሊትም ቢሆን፣ መሬትን ሰንጥቀው ከታች ወደ ላይ።

ሬይ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ እነሱን ለመያዝ ሳውዝ ዳኮታ በሚገኝ የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ፣ 1.5 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ 600 ቶን በሚደርስ የላውንደሪ ማጽጃ ኬሚካል የተሞላ ታንከር አስቀመጠ። ክሎሪኑ ኒውትሪኖ ሲነካው ወደ አርጎን ይለወጣል፤ እሱ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ፈሳሽ ውስጥ ጥቂት የአርጎን አቶሞችን ለቅሞ ይቆጥር ነበር። ኒውትሪኖዎቹ መጡ። ግን ከተጠበቀው ሲሶው ብቻ ነበር የተገኘው። 30 ዓመት ያህል ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቆየ፤ የዴቪስ ነው? የቀመሩ? በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 እና 2002 ካናዳ፣ ሰድበሪ ያለው የኒውትሪኖ መለኪያ ጣቢያ ቁርጡን አሳወቀ፤ ኒውትሪኖዎች በመንገድ ላይ ዓይነታቸውን ይቀያይራሉ፣ ሁሉም ሲቆጠሩ ሒሳቡ ልክ ይመጣል። ዴቪስ በ2002 ኖቤል ተሸለመ። ስለዚህ ማንም እዚያ ባይገባም ከእምብርቱ በቀጥታ የመጣ መልእክተኛ ተቆጥሯል።

የኔትወርክ ሰው፦
እኔ በሥራዬ የማውቀውን ልጨምር። ፀሐይ ከላይ ስትታይ የተረጋጋች ብትመስልም መግነጢሳዊ መስኳ በየጊዜው ይጠመዘዛል። ጥቁር ነጥቦች የሚታዩባት ለዚህ ነው፤ መስኩ የበረታበት ቦታ ሙቀት ከታች እንዳይወጣ ስለሚያግድ ከአካባቢው ይቀዘቅዛል። በየ11 ዓመቱ ገደማ ይበዛሉ፣ ይቀንሳሉ። የተጠመዘዘው መስክ ሲበጠስ ጋዝና ጨረር ይተፋል፤ ወደ እኛ አቅጣጫ ከሆነ ችግር ይመጣል። እ.ኤ.አ. መስከረም 1859 የቴሌግራፍ ገመዶች ብልጭታ ተፍተዋል። መጋቢት 1989 ካናዳ፣ ኬቤክ ውስጥ 6 ሚሊዮን ሰው 9 ሰዓት ያህል መብራት አጣ። ግንቦት 2024 በመጣው ማዕበል አሜሪካ ውስጥ በጂፒኤስ የሚመሩ የእርሻ ትራክተሮች በዘር ወቅት ቆመዋል።

እኛንም ይመለከተናል። የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው፤ እዚህ አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ስለሚረበሽ የጂፒኤስ ሲግናል ይዋዥቃል። ማታ ላይ የቅየሳ መሣሪያ አልያዝ ካላችሁ ሁልጊዜ ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም።

ከጅዳ፦
ሰላም ወገኖች። ስለ ፀሐይ ስታወሩ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት፣ ምክንያቱም ሐምሌ 26 ቀን 2019፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 2027 ማለት ነው፣ እኛ ያለንበት ጅዳ ሙሉ ግርዶሽ ይሆናል፤ 6 ደቂቃ ገደማ። በዚያን ጊዜ ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ስትጋርዳት በዙሪያዋ ኮሮና የሚባለው ነጭ ብርሃን ይታያል አሉ። ይሄ ኮሮና ከላይኛው ክፍሏ ይልቅ የሚሞቅ ነው ሲሉ ሰምቼ ግራ ገባኝ። ከምድጃ እየራቅን ስንሄድ አይደል እንዴ የሚቀዘቅዘው?

መምህር ዘባሕር ዳር፦
ወንድሜ፣ እውነት ነው። ላዩ 5,500 ዲግሪ ሆኖ ኮሮናው ከ1 ሚሊዮን ዲግሪ ያልፋል። ኃይሉ ወደ ላይ የሚጓዘው በመግነጢሳዊ መስኩ በኩል መሆኑ ይታወቃል፤ እንዴት እንደሚያሞቀው ግን እስካሁን ሳይንቲስቶች ይከራከራሉ። ፓርከር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2018 የተላከችው ለዚህ ጭምር ነው። ታኅሣሥ 2024 ከፀሐይ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ተጠግታለች፤ ሰው የሠራው ነገር ያን ያህል ቀርቦ አያውቅም። ግርዶሹን አያምልጥህ። እኔ ብሆን ከሥራ ፈቃድ እወስድለታለሁ።

እናት ከሳሪስ፦
መምህር፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ የፍጉን ነገር ሦስቴ አስደገመችኝ። አሁን ደግሞ ግርዶሹን እኛም እናያለን ወይ እያለች ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2012 የሰኔው ግርዶሽ ጊዜ ሰፈር ውስጥ በራጅ ፊልም ሲያዩ ነበር፤ ደህና ነው እሱ?

መምህር ዘባሕር ዳር፦
ራጅ ፊልም በፍጹም። ጥቀርሻ የተቀባ መስታወትም፣ ተራ የፀሐይ መነጽርም አይሆንም። ብርሃኑን ቢቀንሱትም ዓይን የማያየውን ጨረር ያሳልፋሉ፤ ዓይን ውስጥ ደግሞ ሲቃጠል የሚያም ነገር ስለሌለ ጉዳቱ የሚታወቀው በኋላ ነው። ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ፣ አይኤስኦ 12312-2 የሚል የታተመበት መነጽር ብቻ ነው የሚያስተማምነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የ2019ኙ ግርዶሽ በከፊል ነው የሚታየው፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በተጠጋችሁ ቁጥር የሚሸፈነው ይበዛል። በከፊል ስለሆነ መነጽሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይወልቅም። ጅዳ ያለው ወንድማችን ማውለቅ የሚችለው ሙሉ በሙሉ በተሸፈነችባቸው ደቂቃዎች ብቻ ነው። መነጽር ካላገኛችሁ ካርቶን በመርፌ ብሱት፣ ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ፣ በቀዳዳው የሚያልፈው ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ ይረፍ። የተገመጠችው ፀሐይ ወረቀቱ ላይ ትታያለች። ከቀትር በኋላ ነው፤ ወሩ ሐምሌ ስለሆነ አዲስ አበባ ደመና ሊጋርደው ይችላል፣ ድሬዳዋ ወይም አፋር በኩል ዘመድ ካላችሁ ከአሁኑ ደውሉላቸው።