በጣና ዳርቻ ባለው የችግኝ ጣቢያችን ደንገልና ዶቅማ አልበቅል አሉን፤ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦
በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ የምንኖር ነዋሪዎች ተሰባስበን፣ ከረግረጉ እየጠፉ የሄዱትን አገር በቀል ዕፅዋት መልሰን ለማልማት አነስተኛ የችግኝ ጣቢያ ከከፈትን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ዋናው ፍላጎታችን ታንኳ የሚሠራበትን ረጅም የረግረግ ተክል፣ ደንገልን መመለስ ሲሆን፣ ከዳርቻው ከፍ ብሎ ባለው ቦታ ደግሞ ዶቅማ፣ ዋንዛና አኻያ የተባሉትን ዛፎች ለመትከል አስበናል። ሆኖም ባለፈው ዓመት የደንገል ዘር በመደብ ላይ ዘርተን አፈር ብናለብሰውም አንድም አልበቀለልንም፤ በኅዳር ወር ከሌላ ቦታ ነቅለን የተከልነውም የካቲት ሳይደርስ ውኃው ሸሽቶት ደረቀ። የዶቅማውን ዘር በፀሐይ አድርቀን ለወራት በጆንያ ካቆየነው በኋላ ብንዘራው አልወጣም። ከሁሉ በላይ ያስደነገጠን ግን በችግኝ ገንዳችን ውስጥ ሐይቁን የወረረው መጤ አረም፣ እምቦጭ መታየቱ ነው። ስሕተታችን የት ላይ እንደሆነ የምታውቁ እባካችሁ አስረዱን።

መልስ 1፦
የደንገል ዘር እጅግ ደቃቅ ስለሆነና ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ፣ አፈር ስታለብሱት ቀበራችሁት ማለት ነው። በእርጥብ ጭቃ ላይ በትኖ ሳይሸፍኑ መተው ይቻላል፤ እኔ የምመክራችሁ ግን ከፍሎ መትከልን ነው። ጭቃው ውስጥ አግድም ከሚሄደው ወፍራም ግንድ፣ አንድ ወይም ሁለት ቡቃያ የያዘውን ጫፍ ከነሥሩ በስለታም ቢላዋ ቁረጡ። ከአንድ ቦታ ብቻ አትውሰዱ፤ ከብዙ ቁጥቋጦ ጥቂት ጥቂት ብትወስዱ እናት ተክሉ አይጎዳም። ዘንጉን ስታሳጥሩ የተቆረጠው ጫፍ ከውኃ በላይ ይሁን፤ ደንገል ለሥሩ አየር የሚያደርሰው በዘንጉ ውስጥ ስለሆነ፣ ጫፉ ከሰጠመ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። እስኪተከልም ድረስ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ጥላ ሥር ይቆይ።

የከፋው ስሕተት ግን የወቅቱ ነው። ጣና በክረምቱ መውጫ ሞልቶ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ግንቦትና ሰኔ ድረስ እየወረደ ይሄዳል፤ በዐባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጫራጫራ ግድብና እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ስላሉም የውኃው ከፍታ በዝናብ ብቻ አይወሰንም። እናንተ የተከላችሁት ውኃው መሸሽ ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ በግንቦት ጭቃው የማይሰነጠቅበትን ቦታ ፈልጋችሁ በእንጨት ምልክት አድርጉበት፤ ችግኙን በጋውን ሙሉ በገንዳ አሳድጋችሁ፣ ወገብ ሲደርስ፣ ውኃው መመለስ በሚጀምርበት በክረምቱ መግቢያ እዚያው ትከሉት። ታንኳ የሚሠሩ ሽማግሌዎች ደንገሉ ቀድሞ የት የት ይቆም እንደነበር ያሳዩዋችኋልና፣ ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት እነርሱን ጠይቁ።

መልስ 2፦
የዶቅማው ነገር ቀላል ነው። ዶቅማ ዘሩ ከደረቀ ይሞታል፤ እንደ ዋንዛ ደርቆ የሚቀመጥ አይደለም። ፍሬው በስሎ እንደወደቀ ለቅማችሁ፣ ሥጋውን አጥባችሁ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በጥላ መደብ ላይ ዝሩት። አኻያን ደግሞ ዘር ፍለጋ አትድከሙ፤ የእርሳስ ውፍረት ያለውን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ እርጥብ አፈር ላይ ብትሰኩት ሥር ይሰዳል።

መልስ 3፦
እምቦጭ በጣና ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ዩኔስኮ ሐይቁንና አካባቢውን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ለችግኝ ጣቢያ አደገኛ የሚያደርገው ዘሩ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ቆይቶ፣ ውኃው ሲሳሳና ብርሃን ሲያገኝ ይበቅላል። የገንዳችሁን አፈር ከየት ነው ያመጣችሁት?

ጠያቂው፦
ለም መስሎን ከሐይቁ ዳር ያወጣነውን ጭቃ ነው የሞላነው። ከተነቀለው እምቦጭም ብስባሽ አዘጋጅተናል። አሁን በገንዳው ያሉትን ችግኞች መጣል ይኖርብን ይሆን?

መልስ 3 (ቀጣይ)፦
ችግኞቹን አትጣሉ። ሥራቸውን በንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡና ከደጋው በኩል በመጣ አፈር ወደ ተሞላ ሌላ ገንዳ አዛውሯቸው። እጣቢው ወደ ሐይቁም ሆነ ወደ መስኖ ቦይ እንዳይፈስ፣ ከዳርቻው ርቃችሁ ጉድጓድ ውስጥ ድፉት፤ አሮጌውን ጭቃም እዚያው ቅበሩት። አበባ ካወጣ እምቦጭ የተሠራ ብስባሽ ዘር ሊኖረው ስለሚችል ለችግኝ ጣቢያ አትጠቀሙበት። አዲሱን ገንዳም በየሳምንቱ እየፈተሻችሁ፣ የበቀለውን ሳያብብ ንቀሉት።

መልስ 4፦
ስለ ከብት ማንም አላነሣም። በበጋ ሌላው ሣር ሲደርቅ ከብቱ ሁሉ ወደ ረግረጉ ይወርዳል፤ ለጋ ደንገል ደግሞ በጣም ይወዳል። በእኛ መንደር የመጀመሪያው ተከላችን ያለቀው በዚህ ነው፤ አጥር ብናጥርም የባሕር ሸሽ መሬት (ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት) የሚያርሱ ሰዎች መተላለፊያ ስላጡ አፈረሱት፤ እውነት ለመናገር ሳናማክራቸው ያጠርን እኛ ነን ያጠፋነው። በሁለተኛው ዓመት ከአራሾቹና ከከብት ባለቤቶቹ ጋር ተቀምጠን፣ ከብት የሚጠጣበትን መንገድ ለይተን ትተን፣ በተከለለው ቦታ የሚበቅለው ሣር እየታጨደ ለእነርሱ እንዲሰጥ ተስማማን። አጥሩን ከዚያ ወዲህ የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው። እናንተም ከሰኔው ተከላ በፊት፣ በጋው ሳያልቅ ይህን ንግግር ጀምሩት።